ሆድ ይፍጀው ያልነውን ወረቀት ላይ ማውረድ፦ በጣና ዳር ራስን የመመርመር የ14 ቀን አሠራር

ራስን መመርመርና ነገር ማብሰልሰል ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። በሁለቱም ሰውየው ጣናን አፍጥጦ እያየ ዝም ብሏል። የሚለዩት ሲነሣ ነው። የሚያብሰለስል ሰው ያንኑ ነገር በዚያው ቃል ሲያመላልስ ቆይቶ ብሶበት ይነሣል። የሚመረምር ሰው ሲቀመጥ ያልነበረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዞ ይነሣል። ማብሰልሰልን ለረጅም ዓመታት ያጠናችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን ሆክሲማ ያሳየችውም ይህንኑ ነው፤ ትካዜውን እያመላለሰ የሚያኝክ ሰው ድባቴው ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

ይህ አሠራር ማብሰልሰሉን ወደ ምርመራ ለማዞር የተዘጋጀ ነው። የሚያስፈልገው የተወሰነ ሰዓት፣ የተወሰነ ቦታ፣ ወረቀትና ማቆሚያ ነው። አብዛኛው ሰው ሦስቱን ያሟላና ማቆሚያውን ይረሳል፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው። ጠቅላላው 14 ቀን ይፈጃል፣ በቀን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ።

ብቻውን መጀመር የሌለበት ሰው

አሠራሩ የሚሆነው ለቆየ ቅሬታ፣ በደንብ ላልተለቀሰ ሐዘን፣ ለፈረሰ ትዳር ወይም ለከሸፈ ሥራ፣ ከቤተሰብ ጋር ተቋጥሮ ለቀረ ነገር ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ የሚመጣበት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ወይም ለተከታታይ ሌሊቶች እንቅልፍ የሚባል ያላየ ሰው ደብተር ይዞ ሐይቅ ዳር አይሂድ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ሆስፒታል መግባት የከበደው ሰው በአካባቢው ጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ሊሄድ ይችላል። ትካዜው ወይም የነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣቱ አብዛኛውን ቀን እየያዘ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እንቅልፉን፣ ምግቡንና ሥራውን ካናጋውም እንዲሁ መታየት አለበት።

አደጋው ወይም ሞቱ ገና ሳምንታት ያስቆጠረ ከሆነ ይቆይ። ለቅሶ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ድንኳኑ፣ ሠልስቱ፣ አርባው ሐዘንተኛውን ሰው መሐል የሚያስቀምጡት በከንቱ አይደለም። የሙት ዓመት በሚውልበት ሳምንትም አይጀመርም፤ ያ ሳምንት ያለ ደብተርም ይከብዳል።

ጦርነት ያየ፣ ተኩስ የመሰለ ድምፅ ሲሰማ የሚበረግግ፣ ሌሊት በቅዠት እየጮኸ የሚነሣ ሰው ከዚህ ውስጥ መተንፈሱን፣ ስሜትን በስሙ መጥራቱንና ማታ ማታ ቁጥር መመዝገቡን ይጠቀምበት። ከታች በሦስተኛው ክፍል ያለውን የአራት ቀን ጽሑፍ ግን ባለሙያ ሳይኖር አይንካው። የሚመታው ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ ሰውም እንደዚሁ፤ የተገኘ ደብተር ሌላ ዱላ ያመጣል።

ዕቃው

ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ቢክ እስክሪብቶና ሰዓት። ስልክ ለሰዓት ብቻ ይሁን፤ ዳታው ጠፍቶ፣ በግንባሩ ተደፍቶ። ስልክ ላይ መጻፍ የማንመክረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ቴሌግራም አንዴ ጮኸ ማለት የዚያ ቀን ሥራ አለቀ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ እዚያው የተጻፈ ነገር በአንድ ጣት ወደ ሰው ይላካል፤ ንዴት ላይ ያለ ጣት ደግሞ ፈጣን ነው።

ቤተሰብ በአንድ ክፍል በሚኖርበት ቤት ደብተር መደበቅ ራሱ ጭንቀት ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በብትን ወረቀት ይጻፉ፣ ሲጨርሱ ቀደው ከሰል ምድጃው ላይ ይጣሉት። የሚጠቅመው መጻፉ ነው፤ ወረቀቱ ቢቀመጥ ጥሩ፣ ቢቃጠልም ብዙ አልጎደለም። ሰው ያነብብኛል ብለው እየፈሩ ከጻፉ ግን የሚጽፉት ለአንባቢው እንጂ ለራስዎ አይሆንም፤ ቃሉ ሁሉ ልብስ ለብሶ ይወጣል።

ቦታና ሰዓት

ባሕር ዳር ላለ ሰው የመጀመሪያው ሐሳብ ሐይቁ ዳር መቀመጥ ነው፤ ጥሩ ሐሳብም ነው፣ ሰዓቱን ካወቁበት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ውኃው ጸጥ ያለ ነው፤ የደንገል ታንኳዎች የሚታዩትም ያን ጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ማዕበሉ ይመታል፣ ወረቀት አላስቀምጥ ይላል። አመሻሹ የወባ ትንኝ ሰዓት ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ደንገሉ ጥግ ተጠግቶ ማምሸት ጀግንነት አይደለም። እግርን ውኃ ውስጥ ነክሮ መቀመጥም ደስ ይላል፣ ነገር ግን የጣና ዳርቻ የብልሃርዝያ አገር ነው። ደረቅ ቦታ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጀርባን አስደግፎ፣ ይበቃል።

ቅዳሜና እሑድ ዳርቻው በሙሽሮችና በፎቶ አንሺዎች ይሞላል። በእነዚያ ቀናት፣ ወይም ክረምቱ ሲከብድ፣ ቤት ወይም ደጀ ሰላም ይሻላል። ሙስሊም አንባቢ ከሱብሒ በኋላ ያለውን ጸጥታ ቢይዝ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አያገኝም። የትም ይሁን የት አንድ ቦታ ይምረጡና ከእነዚያ ቀናት በቀር ሁልጊዜ እዚያው ይመለሱ፤ ሰውነት ቦታውን ይለምድና መቀመጡ ራሱ ግማሹን ሥራ ይሠራል። አልጋ ላይ ግን አይሁን። አልጋ የነገር መፍቻ ከሆነ እንቅልፍ ሸሽቶ ይሄዳል።

በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ ሰው ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት አይሆንም፤ ረኀብና ትካዜ ሆድ ውስጥ ሲገናኙ አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታል። ቡናም ልክ አለው። ያልለመደ ሰው በባዶ ሆዱ አቦሉንም ቶናውንም በላይ በላይ ጠጥቶ ሲቀመጥ የልቡ ምት ይፈጥናል፣ እሱም ጭንቀት የመጣበት ይመስለዋል። የባሰው ግን ጫት ነው። በምርቃና ላይ የሚመጣ ሐሳብ ሁሉ ጥልቅ ይመስላል፤ ሕይወቴን ዛሬ አወቅሁት ያሰኛል። በማግሥቱ ድብርቱ ሲመጣ ያ ሁሉ ግኝት የት እንደገባ አይታወቅም። ጫት የሚቅም ሰው ከመቃሙ በፊት ባለው ጠዋት ይጻፍ።

አንድ፦ አምስት ደቂቃ መተንፈስ (በየቀኑ)

በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያስወጡ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ነው፤ በደቂቃ 6፣ በአምስት ደቂቃ 30 ትንፋሽ ማለት ነው። ማስወጫው ከማስገቢያው መርዘሙ ነው ዋናው፤ ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት በተፈጥሮው ዝግ ይላልና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባል ደረቱን ነፍቶ አየር መሰብሰብ ሲጀምር ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጣቱንና ከንፈሩን ይወርረዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ሊሞት የደረሰ ይመስለዋል። የሆነው ከመጠን በላይ በመተንፈሱ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነሱ ነው። መድኃኒቱ ማስገቢያውን ማሳጠር ነው፤ በሦስት አስገብቶ በአምስት ማስወጣት፣ ሆድ ብቻ በትንሹ ከፍ ዝቅ እንዲል።

ዓይን መጨፈን ግዴታ አይደለም። ዓይኑን ሲጨፍን ክፉ ነገር የሚታየው ሰው ከፍቶ ይቀመጥ፤ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የደብረ ማርያምን ደሴት የዛፍ መስመር፣ ይመልከት። ሐሳቡ አሁንም እየነጠቀ ከወሰደው በዙሪያው የሚያያቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው ይጥራ፤ ታንኳ፣ ደንገል፣ ነጭ ወፍ፣ የተገለበጠ ጀልባ፣ የሰውየው ቀይ ጃኬት። ያለንበት ቀን ዛሬ መሆኑን ለሰውነት የሚያስታውሰው ይህ ነው።

ሁለት፦ ስሜቱን በስሙ መጥራት (ከ1ኛው እስከ 4ኛው ቀን)

እዚህ ላይ ቆም እንላለን፤ ሰው ሁሉ ዘልሎት የሚያልፈው እዚህ ነው።

በየቀኑ ሦስት መስመር ይጻፋል። ምን ሆነ? (በአንድ ዓረፍተ ነገር።) ሰውነቴ ላይ የት አረፈ? ስሙ ምንድን ነው? በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የአንጎል ምስል ጥናት ስሜትን በቃል መሰየም ለሥጋት ፈጥኖ የሚነሣውን የአንጎል ክፍል እንደሚያበርድ አሳይቷል። ስለዚህ ስሙን መፈለግ የቃላት ጨዋታ አይደለም።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ደሜ ፈላ፣ አንጀቴ አረረ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ልቤ ተሰበረ፣ ጉሮሮዬን ተናነቀኝ፤ ቋንቋው ስሜቱን ከነቦታው ይዞት ይመጣል። ስሙ ካልመጣልዎ ከቦታው ይጀምሩ። ጉሮሮ ላይ ነው? ሆድ ላይ? ትከሻ ላይ? ከዚያ ቃሉ ይከተላል።

ትልቁ ችግር ሁሉን ነገር «ተናደድኩ» ወይም «ደበረኝ» ብሎ ማለፍ ነው። ንዴት ፈጥኖ መጥቶ ፈጥኖ ይሄዳል፤ በወር የሚቆጠር ከሆነ ሌላ ስም አለው። *ቁጭት* እያየሁት ያመለጠኝ፣ ማድረግ ስችል የቀረብኝ ነው፤ ውስጡ ጉልበት አለ። *ጸጸት* ያደረግሁትን ባላደረግሁት ማለት ነው። *ሐፍረት* ከጸጸት ይለያል፤ ጸጸት «ክፉ ሠራሁ» ሲል ሐፍረት «ክፉ ነኝ» ይላል፤ አንገት አስደፍቶ ከሰው ይደብቃል። *ቅሬታ* ከምወደው ሰው የጠበቅሁት ሲቀርብኝ ነው፤ ያ ሰው ባይገደኝ ኖሮ ቅሬታም አይኖረኝም። *ቂም* ሳይነገር ያደረ ቅሬታ ነው። *ሆድ መባስ* የተረሳ፣ ያልተቆጠረ ሰው ስሜት ነው።

ልዩነቱ የሚጠቅመው እያንዳንዱ የሚጠይቀው ሌላ ስለሆነ ነው። ጸጸት ይቅርታ መጠየቅን ወይም መካስን ይጠይቃል። ቅሬታ መነገርን፣ ቁጭት መሥራትን ይፈልጋል። ሐፍረት የሚቀለው ለአንድ የሚታመን ሰው ሲነገር ነው። ሐዘን ምንም አይጠይቅም፤ መታዘን ብቻ ነው የሚፈልገው። ቅሬታውን ጸጸት ያለው ሰው ያልበደለውን ይቅርታ ሲጠይቅ ይኖራል።

አንድ ገጽ በቅርብ እንይ። «ወንድሜ የእናታችንን የተዝካር ቀን ሳይነግረኝ ቆረጠ» ብሎ የጀመረ ሰው አለ እንበል። መጀመሪያ «ተናደድኩ» ጻፈ፤ ነገሩ ግን ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሰረዘው። ቀጥሎ «ናቀኝ» ጻፈ። ይኸኛው ስሜት አይደለም፣ ፍርድ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ቃሉን ጽፈው «ማን?» ብለው ይጠይቁ። ናቀኝ፤ ማን? እሱ። ከዳኝ፤ ማን? እሷ። ተጫወተብኝ፤ ማን? እነሱ። ጨነቀኝ፣ ከፋኝ፣ ሆድ ባሰኝ ሲሉ ግን «ማን?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ ያጣው ቃል ነው የእርስዎ ስሜት። ሰውየውም ሦስተኛ መስመር ላይ «ሆድ ባሰኝ፤ ከቤቱ ልጆች የተቆጠርኩ አልመሰለኝም» ብሎ ጻፈ፤ ጉሮሮ ላይ። ያን ቀን በዚህ አበቃ። አይቀጥልም። ሦስት መስመር ማለት ሦስት መስመር ነው።

ሦስት፦ አራት ቀን በተከታታይ መጻፍ (ከ5ኛው እስከ 8ኛው ቀን)

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ፔንቤከር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ለአራት ተከታታይ ቀናት 15፣ 15 ደቂቃ ስላሳለፉት ከባድ ነገር አጻፋቸው። የሆነውንም የተሰማቸውንም አጣምረው የጻፉት በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ተራ ነገር ከጻፉት ያነሰ ሆነ። ከዚያ በኋላ አሠራሩ በብዙ አገር ተሞክሯል፤ ውጤቱ መካከለኛ ነው፣ ተአምር አይደለም፤ ለሁሉም ሰው እኩልም አይሠራም። ዋጋው ግን አንድ ደብተር ነው።

ባለፉት አራት ቀናት ከጻፏቸው አንዱን ነገር ይምረጡ። ከባዱን አይምረጡ። ከ10 ቢለካ 5 ወይም 6 የሚሆነውን ይምረጡ፤ ዋናተኛ ዋናን ጥልቁ ላይ አይጀምርም። ሰዓቱን 15 ደቂቃ ይሙሉ፣ ከ20 አይለፍ፣ እጅዎን ሳያነሡ ይጻፉ። የሐመሩ ሐ ይሁን የሃሌታው ሀ አይጨነቁ፤ አራት ነጥብም አያስፈልግም። የሚጻፍ ሲጠፋ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ደግመው ይጻፉ፣ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቀን የሆነውን ከነተሰማዎ ስሜት። ሁለተኛው ቀን ያ ነገር ከሌላው ሕይወትዎ ጋር የት የት እንደሚነካካ፤ ከልጅነት፣ ከትዳር፣ ከሥራ። ሦስተኛው ቀን ያንኑ ከሌላ ሰው ዓይን፤ እዚያ ቆሞ ያየ፣ ወገን ያልያዘ ጎረቤት ቢያወራው እንዴት ያወራዋል? አራተኛው ቀን ዛሬ ምን እንደቀረ፤ ምኑ አለፈ፣ ምኑ አሁንም አለ።

ከጻፉ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት መክበድ ይኖራል፤ የተለመደ ነው። ስለዚህ ቀጥታ ወደ ቢሮ አይሮጡ፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ በእግር ይሂዱ፣ ፊትዎን ይታጠቡ፣ ቁርስ ይብሉ። ባጃጅ ይዘው ከሄዱ ሲመለሱ ግማሹን በእግር ያድርጉት። ማቆሚያው ደግሞ ይህ ነው፦ መሐል ላይ መቋቋም የማይችሉት ነገር ከመጣ እስክሪብቶውን ያስቀምጣሉ፤ ሌላ ቀላል ነገር ይጽፋሉ ወይም ይነሣሉ። በድፍረት መጨረስ ምንም አይጨምርም።

የሚበላሽባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው አቤቱታ መጻፍ ነው። እኛ ሙግት የለመድን ሕዝብ ነን፤ ብዙው ሰው ሳያውቀው «አንደኛ ተከሳሽ…» ብሎ ክሱን በቁጥር ይደረድራል፤ ማስረጃ ያቀርባል፣ ይፈርዳል። ወረቀቱ ላይ ስለሌላው ሰው አሥር ዓረፍተ ነገር፣ ስለራስዎ አንድ ብቻ ካዩ እዚያ ገብተዋል ማለት ነው። ሁለተኛው ሊላክ የታሰበ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤ መጻፍ ይቻላል፣ መላክ ግን በእነዚህ 14 ቀናት የለም። ሦስተኛው ያው ማብሰልሰል በቀለም ሲሆን ነው። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያውን ቀን ገጽ ገልብጠው የጻፉ ያህል ከመሰለ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ጽሑፉ ውስጥ «ምክንያቱም»፣ «ለካ»፣ «አሁን ሳየው»፣ «ያኔ አልገባኝም ነበር» የሚሉ ቃላት እየበዙ ከሄዱ ግን መንገድ ላይ ነዎት፤ ፔንቤከርም የተሻላቸውን ሰዎች ጽሑፍ ሲመረምር ያገኘው የምክንያትና የማስተዋል ቃላት ከቀን ወደ ቀን መጨመራቸውን ነው። ከሁሉም እኛ የምንወዳት «ለካ» ነች።

አራት፦ «ለምን»ን ማስቀመጥ (ከ9ኛው እስከ 11ኛው ቀን)

«ለምን እኔ ላይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ስለሌለው መጨረሻ የለውም። በ«ምን»፣ በ«መቼ» ወይም በ«እንዴት» ይለውጡት። «ለምን ሁልጊዜ እበሽቃለሁ?» የሚለው «ትናንት ከመበሸቄ በፊት ባለው አምስት ደቂቃ ምን ሆነ?» ይሁን። «ለምን አይወዱኝም?» የሚለው «መቼ ነው ከእነሱ ጋር ስሆን የቀለለኝ?» ይሁን። መልሱ ትንሽ፣ የሚጨበጥ፣ አንዳንዴም አሳፋሪ ተራ ነገር ይሆናል፤ እንቅልፍ አልጠገብኩም ነበር፣ ምሳ አልበላሁም ነበር። ደስ ይበልዎ፤ ተራ ነገር ይጠገናል።

እዚሁ ላይ ሌላ ዘዴ ይጨመራል፦ ለራስዎ በስምዎ መጻፍ። ስምዎን ጠርተው፣ «አንተ» ወይም «አንቺ» ብለው፣ ለቅርብ ጓደኛ እንደሚያወሩ። ሰው ስለራሱ በ«እኔ» ፋንታ በስሙ ሲያስብ ነገሩን ራቅ ብሎ እንደሚያየው በጥናት ታይቷል። ራስን «አንቱ» ማለት ግን አይሠራም፤ ወይ ያስቃል ወይ ስብከት ይሆናል።

ከተመደበው ሰዓት ውጭ ነገሩ ሲመጣስ? ይመጣል፤ በተለይ ሌሊት፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ 9 ሰዓት ላይ ቀስቅሶ ይጀምራል። ራስጌ ቁራጭ ወረቀት ያስቀምጡ፣ አንዲት ቃል ይጻፉ፣ «ነገ 1 ሰዓት» ብለው ይመለሱ። ሐሳቡን ማባረር አይደለም፤ ቀጠሮ መስጠት ነው። ቀጠሮ የተሰጠው ሐሳብ እንደተባረረው ሐሳብ ደጅ አይደበድብም። ቀጠሮውን ግን ማክበር አለብዎ፤ አንድ ሁለቴ ካጠፉ ሐሳቡ ማመን ይተዋል።

አምስት፦ አንድ ትንሽ ድርጊትና አንድ ሰው (12ኛውና 13ኛው ቀን)

ከተጻፈው ውስጥ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ አንድ ድርጊት ያውጡ፤ ቀንና ሰዓት ያለው። «ከሰው ጋር እቀላቀላለሁ» ድርጊት አይደለም። «ሐሙስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አክስቴ ጋ እደውላለሁ» ድርጊት ነው። የቀረ ማኅበር፣ የተቋረጠ የጠዋት እርምጃ፣ ተቆልፎ የቆየ የሟች ሣጥን፤ ሣጥኑን መክፈት ብቻ፣ ማራገፍ ሌላ ቀን ነው።

ከዚያ የሚሰማ ሰው። የአማርኛ ትልቁ ማጽናኛ «አይዞህ» ነው፤ ቶሎ ሲመጣ ግን ወሬ ይዘጋል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ «አይዞሽ፣ እርሺው፣ ሁሉም ያልፋል» ይባልና ነገሩ ተመልሶ ሆድ ይገባል። ስለዚህ አስቀድመው ይንገሩ፦ «ምክር አልፈልግም፤ 20 ደቂቃ ዝም ብለሽ ስሚኝ፣ ከዚያ ቡና እንጠጣ።» ቡናው ከፊት ከሆነ አቦል ላይ ጎረቤት ይሞላል፤ የግል ነገር ቢወራም በረካ ላይ፣ ሰው ሲበተን ነው።

የንስሐ አባት ያለው ሰው እሳቸው ጋ መሄድ ይችላል፤ አንድ ነገር ግን ለይቶ ይሂድ። ንስሐ እኔ ስላደረግሁት ነው። በልጅነቴ የተደረገብኝ ነገር የእኔ ኃጢአት አይደለም፤ የተበደሉ ብዙ ሰዎች ግን ሐፍረቱን ከጸጸት ስለሚያምታቱት የሌላውን ጥፋት ተሸክመው ይናዘዛሉ። ከላይ ያለው የቃላት ሥራ እዚህ ይከፍላል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም የታዘዘለት መድኃኒት ካለ ሁለቱን አብሮ ያስኪድ፤ መድኃኒትን ያለ ሐኪም ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ ያመጣል።

እርቅና ሽምግልና በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ አይገባም። ይቅርታ ማድረግ አንድ ነገር ነው፣ መታረቅ ሌላ፤ ሁለተኛው ሌላውን ሰው ይፈልጋል። ቁስሉ የት እንዳለ ገና ያልለየ ሰው ሽማግሌ ፊት ቢቆም የሚለውን አያውቅም፤ ስለተለመነ ብቻ ይታረቅና በሦስተኛው ወር ቂሙ ተመልሶ ይመጣል።

ስድስት፦ ቁጥሩን ማየት (በ14ኛው ቀን)

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በደብተሩ የኋላ ገጽ ሁለት ቁጥርና አንድ ምልክት ይመዘገባሉ፦ ስንት ሰዓት ተኛሁ፣ የቀኑ ክብደት ከ0 እስከ 10 ስንት ነው፣ የዛሬውን ሠርቻለሁ ወይስ አልሠራሁም (እርማት ምልክት ይበቃል)። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ስሜት ነገ ትናንትን ይረሳል፤ የከፋው ቀን «ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ» ያሰኛል፤ ቁጥሩ ግን አይዋሽም።

ከ5ኛው እስከ 8ኛው ቀን ክብደቱ ቢጨምር አይደንግጡ፤ የሚጠበቅ ነው። ከ8ኛው ቀን በኋላ ሦስት ቀን በተከታታይ ከጀመሩበት በላይ ከቆየ ጽሑፉን ያቁሙ፣ መተንፈሱንና እርምጃውን ብቻ ይቀጥሉ፣ ባለሙያ ያማክሩ። ምንም ካልተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ምልክቶቹን ይዩ፤ ከ14ቱ ቀን 6ቱን ብቻ ሠርተው ከሆነ አሠራሩ ገና አልተሞከረም፤ ከ1 ይጀምሩ። 12 እና ከዚያ በላይ ሠርተው ያው ከሆነ ይህ መንገድ ለዚያ ነገር አይመጥንም፤ ቀጣዩ በር የሐኪሙ ነው።

ከወረደ ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ አይጻፉ። ሰው ሲቀለው ደስ ብሎት ይቀጥልና ደብተሩ ራሱ አዲስ ማብሰልሰያ ይሆንበታል። ከሳምንቱ በኋላ እርሳስ ይዘው ከመጀመሪያው ገጽ ያንብቡ፤ ሦስቴና ከዚያ በላይ የተደጋገመውን ቃል ያክብቡ፣ «ለካ» ያለበትን ሁሉ ያስምሩ። ቀጣዩ ዙር የሚጀምረው ከተከበበው ቃል ነው፤ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን፣ 15 ደቂቃ፣ እዚያው ቦታ፣ ነፋሱ ሳይነሣ።